አስፋ ወሰን ስንት ናቸው? ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር የሚወስድ የአስጎብኚ አገልግሎት ግምገማ

በደብረ ብርሃን ከተማ ጥቂት ወጣት አስጎብኚዎች ተሰባስበው የሚሰጡት የአንድ ቀን የጉብኝት አገልግሎት አለ። ጉዞው ጠዋት በደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ይጀምርና በጫጫ በኩል ወደ አንጎለላ ያመራል፤ ከዚያ ወደ ከተማዋ ተመልሶ በምሥራቅ አቅጣጫ 40 ኪሎ ሜትር ያህል በመጓዝ አንኮበር ይደርሳል፤ ማምሻውን ተጓዦቹን ደብረ ብርሃን ላይ ያወርዳል። የቦታዎቹ ዝርዝር ብቻ ሲታይ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ሊያዘጋጀው የሚችል ጉዞ ይመስላል። አገልግሎቱን ከሌሎች የሚለየውና ይህን ግምገማ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን ቀኑ የተዋቀረበት ሐሳብ ነው። በሸዋ ነገሥታት ቤት ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተመላለሱ የሚመጡትን ስሞች፣ ማን የማን ልጅ እንደ ሆነ እየለዩና ከየቦታው ጋር እያገናኙ ያስረዳሉ። ይህ ሥራ ቀላል አይደለም፤ በዚህ ቤተሰብ ታሪክ ላይ የሚደርሰው አብዛኛው ስሕተት የሚመነጨው አንድን ስም ለአንድ ሰው ብቻ ከመስጠት ነውና።

በሌሎች ብዙ አገሮች አንድ ቤተሰብ በአንድ የቤተሰብ ስም ለብዙ ትውልድ ይጠራል። እኛ ዘንድ ሁለተኛው ስም የአባት ስም ስለ ሆነ ከአንድ ትውልድ አያልፍም። ንጉሥ ኃይለ መለኮት፣ ሰይፉ፣ ራስ ዳርጌና ወይዘሮ ተናኘወርቅ አራቱም የአባታቸው ስም ሣህለ ሥላሴ ነው፤ የኃይለ መለኮት ልጅ ግን ምኒልክ ኃይለ መለኮት እንጂ ምኒልክ ሣህለ ሥላሴ አይባሉም። በዚህ ሥርዓት የአያትና የቅድመ አያት ስም ተረስቶ እንዳይቀር የሚያደርገው፣ ስሙን ለተወለደው ሕፃን የመጀመሪያ ስም አድርጎ ማውጣት ነው። ልማዱ ለቤተሰቡ ትልቅ ሀብት ነው፤ ታሪክ ለሚያነብ ሰው ግን ዘመኑንና የአባቱን ስም ካላየ ሁለቱን ሰው አንድ የሚያደርግበት ወጥመድ ይሆንበታል። አስጎብኚው ከመጀመሪያው ጀምሮ ማንንም በአንድ ስም ብቻ አልጠራም፤ «ሣህለ ሥላሴ ወሰን ሰገድ»፣ «ሣህለ ሥላሴ ኃይለ ሥላሴ» እያለ ሁልጊዜ የአባትን ስም ያስከትል ነበር። እኔ ከሁሉ በላይ የወደድሁለት ይህን ጥንቃቄ ነው።

የጠዋቱ ክፍል በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ይጀምራል። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት እኚህ ንጉሥ በሰማይ ላይ ብርሃን በመታየቱ ቦታውን ደብረ ብርሃን ብለው ሰይመው ከተማቸውን እዚህ መሠረቱ። ከተጓዦቹ መካከል አንድ ወጣት በስልኩ ላይ ያገኘውን ፎቶግራፍ እያሳየ፣ ጣሪያው በመላእክት ፊት የተሞላው ቤተ ክርስቲያን የቱ ጋ እንደ ሆነ ጠየቀ። አስጎብኚው ሳይገረም፣ ፎቶግራፉ አድያም ሰገድ ኢያሱ በጎንደር ያሠሩት ደብረ ብርሃን ሥላሴ መሆኑን፣ እኛ የቆምንበት ግን ሌላው ደብረ ብርሃን ሥላሴ መሆኑን አስረዳው። ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ እንደ ሰማው ከአመላለሱ ያስታውቃል። አያይዞም በአክሱም አካባቢ እንደ ተወለደ የሚነገርለት ፈላስፋ ዘርዓ ያዕቆብ ከንጉሡ እጅግ ዘግይቶ የመጣ ሌላ ሰው መሆኑን፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ልዑል ዘርዓ ያዕቆብም በዚሁ ስም እንደሚጠሩ ነገረን። ገለጻው አጭርና ጥርት ያለ ነበር።

አንጎለላ ላይ አገልግሎቱ ቅር አሰኝቶኛል። ይህ ስፍራ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ይቀመጡባቸው ከነበሩት ከተሞች አንዱ ነው። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስ በኅዳር ወር 1834 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል የተዋዋለው እነርሱ በዚህ አካባቢ በነበሩበት ጊዜ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክም በነሐሴ 1836 ዓ.ም. የተወለዱት በአንጎለላ ነው። ይህን ያህል ታሪክ ላለው ቦታ የተመደበው ጊዜ በጣም ጥቂት ነበር። ሹፌሩ የአንኮበር መንገድ ጉም ሳይሸፍነው ለመድረስ ይቸኩል ስለ ነበር አስጎብኚው ንግግሩን ያጠቃለለው ወደ መኪናው እየሄደ ነው። ሆኖም በዚያች ጥቂት ጊዜ ያነሣው አንድ ነገር ቀኑን ሁሉ ጠቅሞናል፤ ይኸውም የምኒልክ የክርስትና ስም ሣህለ ማርያም መሆኑና የአያታቸው ስም ግማሽ በዚያ ውስጥ መኖሩ ነው። የጉዞው አዘጋጆች የጠዋቱን ሻይ አሳጥረው የተረፈውን ሰዓት ለአንጎለላ ቢሰጡ ይሻላቸዋል።

የአንኮበሩ ክፍል ለብቻው የጉዞውን ዋጋ ያወጣል። ከደብረ ብርሃን በኋላ መንገዱ በገብስ ማሳና በባሕር ዛፍ መካከል አልፎ የደጋው ጫፍ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ምድሩ ድንገት ወደ ቆላው ያዘቀዝቃል። የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ በእግር የሚወጣ ነው፤ ከጥንቱ ቤተ መንግሥት የቀረው የግንብ ፍራሽ ጥቂት ነው፤ በኮረብታው ላይ የጥንቱን መልክ ተከትሎ የተሠራ ማረፊያ ሎጅ አለ። አስጎብኚው እዚያ አስቀምጦን የቤተሰቡን ሐረግ ከላይ ወደ ታች ቆጠረ፤ መርዕድ አዝማች አስፋ ወሰን ራስ ወሰን ሰገድን ወለዱ፣ ወሰን ሰገድ ከመንዟ ተወላጅ ከወይዘሮ ዘነበወርቅ ሣህለ ሥላሴን ወለዱ፣ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ተናኘወርቅ የራስ መኮንን እናት ናቸው፣ ራስ መኮንን ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አባት ናቸው። ከዚያ ንግግሩን ገታ አድርጎ የንጉሠ ነገሥቱን ልጆች ስም ጠራ። ከ1904 እስከ 1995 ዓ.ም. የኖሩት ልዕልት ተናኘወርቅ፣ በ1908 ዓ.ም. የተወለዱት አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን፣ በወጣትነታቸው ያረፉት ልዕልት ዘነበወርቅ፣ በ1949 ዓ.ም. ያረፉት የሐረሩ መስፍን ልዑል መኮንን፣ በ1954 ዓ.ም. ያረፉት የመጨረሻው ልጅ ልዑል ሣህለ ሥላሴ። ቀደም ሲል የሰማናቸው የሸዋ ስሞች በአንድ አባት ልጆች ላይ ተሰብስበው ሲጠሩ ሰማን። ልዑል መኮንን ደግሞ ከልጆቻቸው አንዱን ወሰን ሰገድ ብለዋል። ስለዚህ ቤተሰብ ብዙ አንብቤአለሁ፤ ነገሩን በዚህ ቅደም ተከተል፣ ስሞቹ በተነሡበት ኮረብታ ላይ ተቀምጬ ስሰማው ግን ልቤን ነካው።

አስጎብኚው እያንዳንዱ ልጅ በየትኛው ዘመድ ስም ሆን ተብሎ እንደ ተሰየመ ለመናገር አልሞከረም፤ ስሞቹ በቤቱ ቀድመው የነበሩ መሆናቸውን ብቻ አሳየ። ብዙ አስጎብኚዎች በእንደዚህ ያለ ቦታ ተረት ጨምረው ያጣፍጣሉ፤ እርሱ ይህን ባለማድረጉ አክብሬዋለሁ።

ከእኛ ጋር የነበሩ አንዲት አረጋዊት እናት በመካከል አቋረጡት። «ልጄ፣ ዘነበወርቅ ስትል እዚያ አዲስ አበባ አለርት ያለበትን ሰፈር ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁ። እርሱም፣ «አዎን እማማ፣ ሰፈሩ የሚጠራው በልዕልት ዘነበወርቅ ነው፤ አለርት ከመባሉ በፊት የሥጋ ደዌ ሕሙማን ይታከሙበት የነበረው ሆስፒታል የልዕልቷ መታሰቢያ ነበር» ብሎ መለሰላቸው። «የእኛ የመንዟ እመቤት ስም ታክሲ ላይ ሲጠራ የሚውለው ለካ ለዚህ ነው!» አሉና ፈገግ አሉ። ከዚያ በኋላ ተጓዡ ሁሉ የሚያውቀውን ማምጣት ጀመረ፤ አንዱ ፒያሳ ያለውን የራስ መኮንን ድልድይ፣ ሌላው በአያቱ ቤት ግድግዳ ላይ ያየውን የአልጋ ወራሽ ሥዕል አነሣ። አስጎብኚው ድልድዩ የአባትየው የራስ መኮንን እንጂ የልጅ ልጃቸው የልዑል መኮንን እንዳልሆነ ወዲያው ለየ። ተጓዡን ዝም አሰኝቶ ንግግሩን ከመጨረስ ይልቅ ሰዎች የያዙትን ስም ተቀብሎ ቦታውን ያሲዘው ነበር፤ ይህ ችሎታ በሥልጠና ብቻ የሚገኝ አይመስለኝም።

የአገልግሎቱ ደካማ ጎን ከንግግሩ ይልቅ በጽሑፉ ላይ ነው። በመነሻው ላይ ለእያንዳንዱ ተጓዥ የሚታደል በራሪ ወረቀት አለ፤ በውስጡም «ወይዘሮ ተናኘወርቅ ሣህለ ሥላሴ» ከሚለው ስም በላይ የታተመው የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ የልዕልት ተናኘወርቅ ፎቶግራፍ ነው። ቅድመ አያቲቱንና የልጅ ልጅ ልጇን በሦስት ትውልድ የሚለያያቸውን ዘመን እንዲህ ያለው ስሕተት ይሰርዘዋል፤ ጉዞው ሊያርመው የተነሣውን ነገር ወረቀቱ ራሱ ያጠፋዋል። ሁለተኛው እንከን የዘመን አቆጣጠሩ ነው። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዕረፍት በአንዱ ገጽ 1840፣ በሌላው ገጽ 1847 ተብሎ ተጽፏል፤ የመጀመሪያው በእኛ፣ ሁለተኛው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ትክክል ነው፤ ነገር ግን በየትኛውም ቦታ ምልክት አልተደረገበትም። ስማቸው አንድ የሆኑ ሰዎችን የምንለይበት ዋናው መሣሪያ ዘመን ስለ ሆነ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚሉትን ፊደሎች መጨመር እንደ ትንሽ ነገር ሊታይ አይገባም። ይህን ለአስጎብኚው ነግሬው በቅን ልብ ተቀብሎኛል፤ ሁለቱንም በብእር ከራሱ ወረቀት ላይ አስተካክሏል።

ለመመዝገብ ያሰበ አንባቢ ሌላም ነገር ማወቅ አለበት። ሰሜን ሸዋ የሚባለው ዞን ሁለት ነው፤ አንዱ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን የሆነው በአማራ ክልል፣ ሌላው ዋና ከተማው ፍቼ የሆነው በኦሮሚያ ክልል ነው። አገልግሎቱ ራሱን «የሰሜን ሸዋ ታሪካዊ ጉዞ» ብሎ ስለሚያስተዋውቅ ከመካከላችን አንድ አባት የራስ ዳርጌ መቃብር ወዳለበት ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚወስድ መስሏቸው ተመዝግበው ነበር፤ ጉዞው ግን በፍቼ በኩል ጨርሶ አይሄድም። የአባታችን ቅሬታ ተገቢ ነበር፤ ማስታወቂያው የቦታዎቹን ስም ቢዘረዝር ኖሮ አይሳሳቱም ነበር። በሌላ በኩል የእርሳቸው ስሕተት አስጎብኚውን ወደ አንድ ጠቃሚ ነገር መራው። ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ በሰላሌ ገዝተው በ1892 ዓ.ም. ያረፉ ናቸው፤ ልጃቸው ወይዘሮ ትሰሜ ዳርጌ የራስ ካሳ ኃይሉ እናት ናቸው፤ ከራስ ካሳ ልጆች አንዱ ደግሞ አስፋ ወሰን ይባላሉ። አስፋ ወሰን ካሳ ከወንድማቸው ከአበራ ካሳ ጋር በታኅሣሥ ወር 1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ በጣሊያን ወራሪዎች ተገድለዋል። እንግዲህ መርዕድ አዝማቹ፣ አልጋ ወራሹና አርበኛው ሦስቱም አስፋ ወሰን ናቸው፤ አርበኛው የመርዕድ አዝማቹ ተወላጅ ሆነው ስሙን በሌላኛው ሰሜን ሸዋ በደማቸው አስከብረውታል። ይህ ታሪክ በጉዞው መርሐ ግብር ውስጥ አለመኖሩ ያሳዝናል። ፍቼንና ደብረ ሊባኖስን የሚጨምር የሁለት ቀን ጉዞ ቢዘጋጅ ሙሉውን ዋጋ ከፍዬ የምሄድ እኔ ነኝ።

ስለ ተግባራዊው ነገር ጥቂት ልበል። የሚከፈለው ገንዘብ መኪናውንና አስጎብኚውን ይሸፍናል፤ ምሳና የመግቢያ ክፍያዎች ለብቻ ናቸው፤ ይህም ሲመዘገቡ በግልጽ ይነገራል። መኪናው ንጹሕ፣ ሹፌሩ በቁልቁለቱ ላይ ጠንቃቃ ነው። ለምሳ የቀረበልን ሽሮና የገብስ ጠላ መልካም ነበር፤ የጾም ቀን ከሆነ አስቀድሞ መናገር አያስፈልግም። የመንገዱን ሁኔታ በጉዞው ዋዜማ ደውሎ ማረጋገጥ ይገባል። የአንኮበር ብርድ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ ይያዝ፤ የኮረብታው መውጫ ለጉልበት ሕመምተኛ ይከብዳልና አረጋውያን ያሏቸው ቤተሰቦች በዝግታ የሚያደርስ አጃቢ እንዲመደብላቸው አስቀድመው ይጠይቁ። በራሪ ወረቀቱ እስኪታረም ድረስ ደግሞ ልጆቻቸውን የሚያመጡ ወላጆች ማስታወሻ ደብተር ይዘውላቸው ይምጡ፤ አስጎብኚው የሐረጉን ቆጠራ እንዲጽፉት ሲጠየቅ እየደገመ በዝግታ ይናገርላቸዋል።