«ፓምፑ ሄዷል» የተባለለት ኮሮላ

ስለ መኪናው ሌላ ሌላውን ቶሎ ልጨርሰው። ቤንዚን አይፈጅም፣ ዕቃው በየሱቁ አለ፣ አዳማ ውስጥ ኮሮላ ፈትቶ መግጠም የማያውቅ መካኒክ አይገኝም። ይህን እናንተም ታውቁታላችሁ። ከገዛሁት ጀምሮ ሰላም የነሳኝ፣ ኋላም ልሸጠው ደላላ እስከ መጥራት ያደረሰኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የመሪው ጩኸት።

መኪናው በፈረንጆቹ የ1999 ሥሪት ነው። መሪው እንደ ቪትዝ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚታገዝ ሳይሆን የድሮው ዓይነት ነው። ሞተሩ በቺንጋ (በጎማ ቀበቶ) ፓምፕ ያዞራል፣ ፓምፑ ቀዩን ዘይት ከማጠራቀሚያው ስቦ በኃይል ይገፋል፣ ግፊቱ መሪውን ያቀላል። በቃ ይኼው ነው። ቀላል በመሆኑ ይመስለኛል ሁሉም ኮፈን ሳይከፍት የሚፈርድበት።

ሻጩ ያስሞከረኝ ከአዲስ አበባ በሚያመጣው ፈጣን መንገድ ላይ ነበር። ብልጥ ሰው ነው! 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ቀጥ ብሎ በሚነዳበት አስፋልት ላይ መሪ ምን ሥራ አለው? የቀረችውን ድምፅ ደግሞ ጎማውና ንፋሱ ይውጧታል። የመሪን ጤንነት ማወቅ የሚፈልግ ሰው እዚሁ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ በባጃጅ ተከቦ ጠባብ ቦታ ላይ ለማቆም ይሞክር። እኔ የሰማሁት እንደዚያ ሳደርግ ነው። መሪውን በጠመዘዝኩ ቁጥር ከኮፈኑ ሥር «እእእእ» የሚል ረጅም ማቃሰት ይመጣል። ነዳጅ ስሰጠው ድምፁ አብሮ ይቀጥናል፣ መሪውን ሳቃናው ይበርዳል።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። «ኖርማል ነው፣ ሁሉም ኮሮላ እንደዚህ ነው» አለኝ። አይደለም ወንድሜ! የጎረቤቴ ኮሮላ ከኔ ይብሳል በዕድሜ፣ መሪው ግን ትንፍሽ አይልም።

ትክክለኛውን ፍንጭ የሰጠችኝ አሰላ ናት። አክስቴ እዚያ ስላለች በየጊዜው እወጣለሁ። ከተማዋ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች የጧት ብርዷ የዋዛ አይደለም። አንድ ቀን አድሬ ጧት ከግቢ ላወጣው መሪውን ስጠመዝዝ ያ ማቃሰት እሪታ ሆነ። አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች ወጥታ «ኧረ ልጄ፣ ውሻውን ረገጥከው እንዴ?» አለችኝ። ዴራን አልፌ ወደ አዳማ ሙቀት ስወርድ ድምፁ እየቀነሰ መጣ። እኩለ ቀን ላይ ፖስታ ቤት ጋ ሳቆም ልብ ብሎ ለሚሰማ ሰው ካልሆነ በቀር አይታወቅም ነበር።

ይህ ትልቅ ነገር ነው። ያለቀ ፓምፕ ብዙ ጊዜ የሚሰንፈው ዘይቱ ሞቆ ሲቀጥን ነው፤ ያኔ ግፊት ያጣል፣ መሪውም ይከብዳል። የኔ ደግሞ ተቃራኒው ነው። መሪው ከብዶ አያውቅም፣ የሚጮኸውም ዘይቱ በብርድ ወፍሮ ለመሳብ ሲያስቸግር ነው። ስለዚህ ችግሩ ያለው ፓምፑ በሚገፋበት ሳይሆን በሚስብበት በኩል ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ አስረድቼ ለመጀመሪያው ጋራዥ ብነግረው ልጁ ስልኩን እየነካካ «ፓምፑ ሄዷል» አለኝ። ኮፈኑ ገና አልተከፈተም። ወዲያው ወደ አንድ መለዋወጫ ሱቅ ላከኝ። ባለሱቁ በፌስታል የተጠቀለለ አሮጌ ፓምፕ አውጥቶ «ኦሪጅናል ነው፣ ከጃፓን የወረደ፣ ለሰው አላሳየሁትም» አለኝ። እስኪ ልጠይቅህ ጌታዬ፣ ከሌላ አሮጌ መኪና የተፈታ ፓምፕ የኔን አሮጌ ፓምፕ በምን ይበልጠዋል? ዋስትና ስጠኝ ስልህ «እሱ የመካኒኩ ጉዳይ ነው» አይደል ያልከኝ? መካኒኩ ደግሞ «ዕቃው ከሱቁ ነው» ይለኛል። እናንተ በመሃል ስትቀባበሉኝ የወር ደመወዜ ሊያልቅ ነው።

ሌላው ደግሞ መኪና ማጠቢያ ጋ ያገኘሁት ሰው «ትንሽ የፍሬን ዘይት ጨምርበት፣ ዝም ይላል» አለኝ። ይህን ምክር አዳማ ላይ ብዙ ሰው ሲሰጥ ስለሰማሁ ረገጥ አድርጌ ልናገር፦ እንዳትሞክሩት። የፍሬን ዘይት ከመሪ ዘይት ጋር ባሕርዩ አይገናኝም። መሪው ውስጥ ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያሽጉትን ላስቲኮች አሳብጦ ያበላሻቸዋል፣ ከዚያ በእውነት ፓምፕ መግዛት ይመጣል። የኔ መኪና ማጠራቀሚያ ክዳን ላይ የሚገባው ዘይት ተጽፎበታል፤ ዴክስሮን 2 ወይም 3፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚጠጣው ቀዩ ዘይት ነው። የሌላ መኪና ሊለይ ስለሚችል የራሳችሁን ክዳን አንብቡ።

በመጨረሻ ወደ ወንጂ መንገድ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ሄድኩ። ፓምፕ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። «አስነሳው ልጄ» አሉኝ። መጀመሪያ ቺንጋው ላይ ጠብታ ውሃ ረጨት አደረጉ። ድምፁ አልተለወጠም። የላላ ወይም ያረጀ ቺንጋ ቢሆን «ሲጥጥ» የሚል ስለታም ጩኸት ነው የሚያሰማው፣ ውሃ ሲነካውም ለአፍታ ይለወጣል አሉኝ። ቀጥሎ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሬ ለቅጽበት እንድይዝ አደረጉኝ። «ሽሽሽ» አለ። «ይኼ ደህና ነው፣ ግፊቱ ሲበዛ ቫልቩ ሲያስተነፍስ ነው፤ ግን እንደዚህ ይዘህ አትቆይ፣ ዘይቱን ታነደዋለህ።» «ቋ! ቋ!» የሚል ቢሆን ደግሞ ዘይትም ፓምፕም ሳይሉ መሪውን ከጎማው የሚያገናኘውን ቲራንቲና ንጥሪያ የሚያበርደውን የሾክ ራስ ያዩ ነበር።

ከዚያ ሞተሩ እየሠራ የማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍተው በስልካቸው መብራት አሳዩኝ። ቀይና ጥርት ያለ መሆን የሚገባው ዘይት ፈዞ፣ ነጣ ብሎ በጥቃቅን አረፋ ተሞልቷል። መሪውን ስጠመዝዝ አረፋው ይበዛል። «አየህ? አየር እየጠጣ ነው» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን ዘይት መሬት ላይ አይንጠባጠብም ጋሼ?» ብዬ ጠየቅኩ። ሁሉም ጋራዥ መኪናውን ከሥር አይቶ «ደረቅ ነው፣ ሊክ የለውም» ብሎኝ ነበርና። መልሳቸው ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። ከማጠራቀሚያው ወደ ፓምፑ የሚወርደው ቱቦ ፓምፑ የሚስብበት ነው፣ ግፊት የለውም። ስንጥቅ ሲኖረው ዘይት ወደ ውጭ ከመትፋቱ በፊት አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ የተሰነጠቀ ስትሮ ለስላሳውን ትቶ አየር እንደሚያመጣው ማለት ነው። ያ አየር ፓምፑ ውስጥ ሲጨፈለቅ ነው የሚያቃስተው። እንደዚያ ሆኖ ብዙ ከተነዳ ፓምፑም ማለቁ አይቀርም።

ቱቦውን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። መለመጥ ሲገባው እንደ እንጨት ደርቋል፤ የሞተር ሙቀት ላይ የአዳማ ሙቀት ተጨምሮበት ስንት ዓመት ቆይቷል። ፋሸታው (ቱቦውን አጥብቆ የሚይዘው ቀለበት) የያዘበት ጫፍ ጋ ሲያጎብጡት ጥፍር የማትሞላ ስንጥቅ አፏን ከፈተች። ዙሪያዋ ዘይት አልነበረም፣ ትንሽ እርጥበትና አቧራ ብቻ።

አዲሱን ቱቦ ዘይት የሚችል መሆኑን አረጋግጠው ገዙ። የውሃ ቱቦ በዘይት ይለሰልስና ያብጣል ብለው እንጂ ርካሹ እሱ ነበር። ሁለቱንም ፋሸታ ቀየሩ፣ አሮጌውን ዘይት አስወጥተው አዲስ ሞሉ። አየሩን ሲያስወጡ ያሳዩት ትዕግሥት አስገርሞኛል። የፊቱን ጎማዎች በክሪክ አንሥተው፣ ሞተሩን ሳያስነሱ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ እያሉ አመላለሱት። ዘይቱ ሲጎድል እየጨመሩ አረፋው እስኪጠፋ ደጋገሙት። ቸኩሎ የሚያስነሳ ሰው አየሩን ከዘይቱ ጋር ይመታዋል አሉኝ። ከዚያ አስነሱት። ዝም። መሪውን ዳር ድረስ አዞርኩት፣ ያቺ «ሽሽሽ» ብቻ። የከፈልኩት ሁሉ ተደምሮ የፓምፑን ቀብድ አይሆንም።

ታዲያ መኪናው ጥሩ ነው ወይ? ለኔ ከዚያ ወዲህ በጣም ጥሩ ነው፤ አድልዎ አለብህ ብትሉኝ አልከራከርም። የኤሌክትሪክ መኪና የሚሸጡ ልጆች «ተው እንጂ፣ የኛ የመሪ ፓምፕም ዘይትም የለው» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ የለውም። ግን የነሱ ሲበላሽ ጋሼ በስልክ መብራት አይተው በፋሸታ አይጨርሱትም። በ2016 የቤንዚን አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለንን አሮጌ አጥብቀን መያዛችን የማይቀር ነው።

አሰላ ከዚያ በኋላም አድሬበታለሁ፤ በጧት ብርድ ሳስነሳው ድምፁ የለም። አክስቴ ከቤት አልወጣችም።

ያኔ «የሚጮኽ መኪና ነው» ብሎ ዋጋውን የሰበረብኝ ደላላ ባለፈው ሰሞን ደወለ። «ያ የሚጮኸው ኮሮላ አለ? ገዢ አግኝቼልሃለሁ» አለኝ። አይጮኽም አልኩትና ማንም የማይከፍለውን ዋጋ ጠራሁለት። ስልኩን ዘጋው።