የባሕር ተራራ ቅርፊት ልትገዙ ነው? የተጎተተ፣ የተሰረሰረ ወይስ በሮቦት የተለቀመ

ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ተቀምጦ ስለ ባሕር ሥር ድንጋይ ማውራት ቀልድ ይመስላል። የምንኖረው ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ላይ ነው፤ ባሕሩማ የት አለ? ግን ጂኦሎጂ የሚያስተምር ሰው ጋ ጥያቄ ከየትም ይመጣል። ሰሞኑን ሦስት ሰዎች በየፊናቸው ያንኑ ነገር ጠየቁኝ። አንዷ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ ለክፍል ማሳያ ትፈልጋለች። ሁለተኛው የማስተርስ ተማሪዬ ነው። ሦስተኛው የመዘዞን ኦፓል እየገዙ የሚሸጡ ጋሼ ናቸው። የእሳቸው ጥያቄ አጭር ነው፦ «ኮባልት ያለበት የባሕር ድንጋይ በኢንተርኔት ይሸጣል አሉኝ። ያዋጣል ወይ?»

ለሦስቱም አንድ መልስ የለኝም።

መጀመሪያ ድንጋዩን እንወቀው። ጣርማበር ላይ ቆሞ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ያየ ሰው የባሕር ሥር ተራራን ታሪክ ግማሹን አይቶታል። ሁለቱንም የሠራቸው እሳተ ገሞራ ነው፤ ሁለቱም በአብዛኛው ባዛልት ናቸው። የሚለያዩት በልብሳቸው ነው። የእኛው አፈርና ሣር ለብሷል። የባሕሩን ደግሞ ውስጥ ለውስጥ የሚሄደው ውሃ ጭቃውን እየጠረገ ራቁቱን ይተወዋል፤ ድንጋዩም ጥቁር ቅርፊት ይለብሳል። ተማሪዎቼን የማስረዳው በጥቀርሻ ነው። የአያቶቻችሁን ማድ ቤት ጣሪያ አስታውሱ። ማንም አልቀባውም። ጢሱ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያረፈበት ጠቆረ፣ ወፈረ። እዚያም ብረትና ማንጋኒዝ ከቀዝቃዛው የባሕር ውሃ እየወጡ ድንጋዩ ላይ ይጋገራሉ። ኮባልት፣ ኒኬል፣ ቴሉሪየም፣ ጥቂት ፕላቲኒየምም አብረው ይቀመጣሉ።

ፍጥነቱ በሚሊዮን ዓመት ከ1 እስከ 5 ሚሊሜትር ነው። አዎ፣ በሚሊዮን ዓመት። 8 ሴንቲሜትር የወፈረ ቅርፊት በ2 ሚሊሜትር ፍጥነት ቢያድግ 40 ሚሊዮን ዓመት ፈጅቶበታል ማለት ነው። የኢትዮጵያ ደጋ ባዛልት በብዛት የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። እንግዲህ ከደጋችን የሚበልጥ ዕድሜ መዳፍ ላይ ተቀምጦ ታዩታላችሁ።

ስለዚህ ይሄን ድንጋይ በኪሎ አትገምቱት። ገንዘብ የሚከፈለው ለሁለት ነገር ነው፦ ከየት እንደመጣ መታወቁና ላይና ታቹ መለየቱ። ጥቀርሻውን ፍቃችሁ በከረጢት ብታቀብሉኝ የትኛው የአያታችሁ ዘመን፣ የትኛው የዘንድሮ ጢስ እንደሆነ በምን ልወቅ? ሦስቱ ዓይነት ናሙናዎች የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

የተጎተተው

ገበያ ላይ የምታገኙት አብዛኛው ይሄ ነው። መርከቡ አፉ ብረት፣ ሆዱ የሰንሰለት መረብ የሆነ ከረጢት በረጅም ገመድ ያወርድና የተራራውን ጎን ሽቅብ ይጎትተዋል። ያገኘውን እየገነጠለና እያፈሰ ይወጣል። አንዴ ሲወጣ በመቶ ኪሎዎች የሚቆጠር ድንጋይ ሊይዝ ይችላል። ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ ርካሽ ነው፤ ቀላልም ነው።

ጉድለቱ ግን ቀላል አይደለም። ከረጢቱ ብዙ መቶ ሜትር ስለሚጎተት ድንጋዩ ከየትኛው ነጥብ እንደተነሣ አይታወቅም። ደግሞም የሚገባለት በቀላሉ የሚነሣው፣ ከላይ ተንከባሎ የመጣው ነው። አለቱ ላይ ሙጭጭ ያለውን እዚያው ይተወዋል። ከረጢቱ ውስጥ ሲንከባለልም ላዩ ታች፣ ታቹ ላይ ይሆናል።

እኔም ተሸውጄበታለሁ። ከዓመታት በፊት ከአንድ የኢንተርኔት ሻጭ ቡጢ የሚያህል ቁራጭ ገዛሁ። አብሮት የመጣው ወረቀት ላይ «ፓስፊክ ውቅያኖስ» ይላል፤ በቃ። ቤትህ የት ነው ሲባል «ሰሜን ሸዋ» ብሎ ዝም እንደሚል ሰው። ጥልቀት የለ፣ የተራራው ስም የለ፣ ዓመተ ምሕረት የለ። ጥልቀቱን ማወቅ ለወጉ አይደለም። ቅርፊት ከ400 ሜትር ጀምሮ እስከ 7,000 ሜትር ድረስ ይገኛል፤ ወፍራሙና በኮባልት የበለጸገው ግን ከ800 እስከ 2,500 ሜትር ያለው ነው። ጥልቀቱ ካልተጻፈ ስለ ኮባልቱ የሚነገራችሁ ሁሉ ወሬ ነው።

ለክፍል ማሳያ ግን የተጎተተው ይበቃል። መምህርቷን አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቅኳት፦ ከሥሩ ባዛልቱ የተጣበቀበትን ምረጪ። ጥቁሩ ቅርፊትና ግራጫው አለት የሚገናኙበት መስመር ከታየ ትምህርቱ ግማሹ አልቋል።

የተሰረሰረው

ይሄ ለተማሪዬ ነው። መሰርሰሪያው ከመርከብ በገመድ ወርዶ ወለሉ ላይ ይቀመጥና ድንጋዩን እንደ ሸንኮራ አገዳ ድፍን አድርጎ ያወጣዋል። እኛ ኮር የምንለው ነው። ጀርመን ብሬመን ያሉ ባለሙያዎች ሜቦ የሚሉት አንድ እንዲህ ያለ ትልቅ መሰርሰሪያ አላቸው። የኮር ጥቅሙ ግልጽ ነው። ላዩ ላይ፣ ታቹ ታች ነው፤ ውፍረቱም በትክክል ይለካል።

ዕድሜ ማንበብ ለሚፈልግ ሌላ ምርጫ የለም ማለት ይቻላል። ከሰማይ የሚወርደው ቤሪሊየም 10፣ ጊዜ በሄደ ቁጥር እየከሰመ የሚሄድ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር፣ በየድርብርቡ ውስጥ ይቀመጣል። በ1.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ግማሹ ይጠፋል። ከላይ ወደ ታች እየተፋቀ ሲለካ መጠኑ በምን ያህል እንደቀነሰ ይታያል፤ ፍጥነቱ የሚሰላውም ከዚያ ነው። ይሄ እስከ 10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሠራል። ከዚያ በታች ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። ታዲያ ላይና ታቹ በተምታታ ድንጋይ ላይ ይሄን መሞከር በከንቱ መድከም ነው።

ችግር የለውም አልልም። ቅርፊቱ ስስና ቀዳዳ የበዛበት፣ ሥሩ ያለው ባዛልት ደግሞ ጠንካራ ነው። ሲሰረሰር መገናኛው ላይ ሊሰበር፣ መሐሉ ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ ስትገዙ «ስንት ሴንቲሜትር ተሰረሰረ፣ ስንቱ ወጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥሮቹ ከተራራቁ መሐሉ ላይ የጎደለ ዘመን አለ። የክብሪት ሳጥን የምታህል፣ ግን አቅጣጫዋ የተጻፈባት ቁራጭ ከአንድ ኪሎ ስብርባሪ ትበልጥብኛለች።

በሮቦት የተለቀመው

ምርጡ ይሄ ነው፤ ኪስንም የሚያራቁተው ይሄ ነው። በገመድ የሚመራ ሮቦት ካሜራና ክንድ ይዞ ይወርዳል። ሳይንቲስቱ መርከቡ ላይ ስክሪን እያየ «ያቺን አንሣ» ይላል። የትና በስንት ጥልቀት እንደተነሣች፣ በየት በኩል እንደነበረች በቪዲዮ ይቀራል። በ2016 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ተመራማሪዎች አይሲስ በሚባል ሮቦት ከካናሪ ደሴቶች ደቡብ ምዕራብ የሚገኘውን ትሮፒክ የተባለ የባሕር ተራራ ያጠኑት በዚህ መንገድ ነው። የተራራው ጫፍ ራሱ ከውሃው ላይኛ ገጽ 1,000 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነው ያለው።

የእንዲህ ያለ መርከብ የአንድ ቀን ወጪ በአሥር ሺዎች ዶላር ነው። ሮቦት ያነሣትን ቁራጭ በርካሽ እሸጣለሁ የሚላችሁ ካለ ተጠራጠሩ። ሲሆን ሲሆን አትግዙት፤ ለምርምር ተቋማት ደብዳቤ ጽፋችሁ ለትምህርት የሚሰጥ ትርፍ ናሙና ጠይቁ። የመጣበትን ወረቀትም አብራችሁ ጠይቁ። ከአገሮች ክልል ውጭ ያለው የባሕር ወለል የሚተዳደረው ኪንግስተን፣ ጃማይካ ባለው ዓለም አቀፍ የባሕር ወለል ባለሥልጣን ነው። የዚህን ቅርፊት ፍለጋ የሚመለከት ደንብ ያወጣው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው።

ከመክፈል በፊት

ድንጋዩ ድንቡልቡል፣ ድንች የመሰለ ከሆነ ቅርፊት አይደለም። ኖድዩል ነው፤ ከ4,000 እስከ 6,000 ሜትር ጥልቀት ጭቃ ላይ ልቅ ሆኖ የሚገኝ ዘመዱ። ሻጮች ሁለቱን ይቀላቅላሉ። ጥቁር የብረት አር የሚሸጥም አይጠፋም። ለዚህ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ቁስል ማጠቢያ፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይበቃል። ጠብ አድርጉበት። ማንጋኒዝ ኦክሳይድ ካለው ወዲያው አረፋ ይደፍቃል። ባዛልት ላይ ዝም ይላል።

ማየቻውስ? እዚህ ላይ ሐሳቤ የጠነከረ ነው። አሥር እጥፍ የሚያጎላ ጥሩ ሌንስ ግዙ። «ሠላሳ እጥፍ» ተብሎ በርካሽ የሚሸጠውን ተዉት፤ የሚያሳየው ቦታ ጠባብ ነው፣ የተጻፈበትን ያህልም ብዙ ጊዜ አያጎላም። በእጅ የሚያዘው የኤክስሬይ ሽጉጥ፣ ኤክስአርኤፍ የሚሉት፣ በአሥር ሺዎች ዶላር የሚሸጥ ነው፤ ጨረር ስላለውም ፈቃድ ይጠይቃል። ማንጋኒዝና ብረቱን በደንብ ያነባል። የሚሰናከለው እናንተ በምትፈልጉት በኮባልት ላይ ነው። ሽጉጡ እያንዳንዱን ንጥረ ነገር የሚለየው በሚያወጣው የኤክስሬይ መስመር ነው። የኮባልት ዋና መስመር 6.93 ላይ ነው፤ የብረት ሁለተኛው መስመር 7.06 ኪሎኤሌክትሮንቮልት ላይ። ብረት በበዛበት ድንጋይ ኮባልትን መፈለግ ከበሮ አጠገብ ቆሞ ጸናጽል እንደ መስማት ነው። ቴሉሪየምና ፕላቲኒየም ደግሞ በጣም ጥቂት ስለሆኑ ጭራሽ አይታዩትም። ሽጉጡ የሚጠቅመው በቀን መቶ ድንጋይ መለየት ያለበትን ሰው ነው። ሦስት ናሙና ላለው ሰው በአሲድ አሟሙቶ አይሲፒ በሚባለው መሣሪያ የሚለካ ላቦራቶሪ ይሻላል፤ በርካሽም ያልቃል።

እርጥበቱን አትርሱ። ቅርፊቱ እንደ ስፖንጅ ነው፤ ከአየር ውስጥ ውሃ ይጠጣል። የእኛን ክረምት ታውቁታላችሁ። ሐምሌ ላይ ከኦቨን አውጥቼ የመዘንኩትን ጠረጴዛ ላይ ትቼው ሄድኩ። በማግስቱ ስመዝነው ከብዶ ጠበቀኝ። ያልደረቀ ድንጋይ ላይ የተለካ የኮባልት መቶኛ ዝቅ ብሎ ነው የሚወጣው። ሻጩ ቁጥር ከሰጣችሁ «ደርቆ ነው ወይስ እንዳለ?» በሉት።

ጋሼ ይሄን ሁሉ ሰምተው «ቁም ነገሩን ንገረኝ» አሉኝ። አሰላንላቸው። ኮባልቱ ግማሽ በመቶ ነው ብንል አንድ ኪሎ ድንጋይ ውስጥ ያለው አምስት ግራም ነው፤ እሱንም የሚያጣራላቸው የለም። ጃፓኖች በ2020 እ.ኤ.አ. ከፓስፊክ የባሕር ተራራ ላይ በማሽን ፈልፍለው 649 ኪሎ ያወጡት ለሙከራ ነበር።

«እሺ፣ ተጠርቦ ቀለበት አይሆንም?»

«ይፈረካከሳል ጋሼ። እንደ መዘዞ ኦፓል ሲደርቅ መሰንጠቅ ብቻ ቢሆን ባልከፋ።»

የእኔን ቁራጭ እያገላበጡ ሲያዩት ቆይተው መለሱልኝ። መዳፋቸው ጥቁር ሆኗል። ነጩ ጋቢያቸው ላይ ሳይጠርጉት በፊት ሶፍት አቀበልኳቸው።