በዲሲ መንጃ ፈቃድ ላይ ጾታ ማስቀየር፦ ፎርሙ ቀላል፣ ጣጣው ሌላ ቦታ

ውጤቱን ቀድሜ ልናገር። ሁላችንም ዲኤምቪ ለምንለው ለዲሲ የመንጃ ፈቃድ ቢሮ በዚህ አንድ ጉዳይ ከአምስት አምስት ሰጥቻለሁ። ከዚያ በፊት ገንዘብ ለበላን ፎርም ሞይ ሱቅ ግን አንድም ይበዛበታል። የሱቁን ስም አልጠራም። እሱን የመሰለ በየሰፈሩ ስላለ አሠራሩን ማወቁ ይበቃችኋል።

ባለጉዳዩዋ የአክስቴ ልጅ ናት። ትራንስ ናት፤ ስትወለድ ወንድ ተብላ ተመዘገበች፣ አሁን የምትኖረው ሴት ሆና ነው። ይህን የምጽፈው በፈቃዷ ነው። ላይሰንሷ ላይ «ኤም» (ወንድ) ይላል፣ ካርዱን የሚያቀብለው እጅ ደግሞ ጥፍሩ ቀይ ነው። ሆቴል ስትገባ፣ ክለብ በር ላይ፣ ፖሊስ ሲያስቆማት፣ ካርዱን የተቀበለ ሁሉ አንዴ ካርዱን አንዴ ፊቷን ያያል። ከዚያ ጥያቄ ይጀመራል። በነገሩ የማይስማማ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ፣ ክርክሩን ለሌላ ቀን እናቆየውና አሁን አገልግሎቱን እናውራ።

ሱቁ ታክስ ይሠራል፣ ሰነድ ይተረጉማል፣ የግሪን ካርድ ፎርም ይሞላል። ባለቤቱ ሲያዩት ጨዋ፣ አነጋገሩ የአባት ነው። «የኔ ልጅ፣ ይሄ ከባድ ኬዝ ነው» አላት። የሐኪም ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ ደብዳቤውን ኖተሪ ማስደረግ ያስፈልጋል፣ የቀረውን እኔ አመቻቻለሁ አለ። «ጋሼ፣ ዌብሳይቱ ላይ እኮ ስለ ሐኪም ምንም አይልም» ስትለው ሳቀ። ዌብሳይቱ የሚለውና ቢሮው የሚሠራው ለየቅል ነው ብሎ ቀብድ ተቀበለ። ደረሰኝ ስንጠይቀው ቢዝነስ ካርዱን ገልብጦ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ መጠኑን ጽፎ ፈረመልን። በቃ፣ ደረሰኙ እሱ ነው።

እውነቱን ለመናገር ሰውዬው ነገሩን ከባዶ አልፈጠረውም። ድሮ እንደዚያ ነበር። የአሜሪካ ፓስፖርት ላይ ጾታ ለማስቀየር እስከ 2010 ድረስ ቀዶ ሕክምና መደረጉን ማስረጃ ይጠየቅ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፣ ከዚያ በኋላም እስከ 2021 የሐኪም ማረጋገጫ ነበር። ዲሲ ላይሰንስ ላይ ግን ዛሬ የሚጠየቀው ባለቤቱ ራሱ ሞልቶ የሚፈርመው ፎርም ነው። ወንድ፣ ሴት ወይም «ኤክስ» (ከሁለቱ አንዱን ላልመረጠ) ብሎ ምልክት ማድረግ ነው። «ኤክስ» የሚባለውን ኦሪገን ቀድማ ብትወስንም፣ ጁን 2017 ላይ ካርዱን አትማ በመስጠት ዲሲ በቀናት ቀደመች። ለዚህ ፎርም ሦስተኛ ሰው ገንዘብ ማስከፈሉ ዓይን ያወጣ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ቢሮው ውስጥ የሆነው ብዙ አይወራበትም፣ ጥሩነቱም እዚያ ላይ ነው። ተራዋ ደረሰ፣ ሄደች፣ ፎርሙን አቀበለች። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ አንብባ ስምሽም ይቀየራል ወይ ብላ ጠየቀች። ስሟን በፍርድ ቤት አስቀድማ አስቀይራ ስለነበር ማኅተም ያለበትን ትእዛዝ አሳየቻት። እዚህ ጋ የእኛ ስም አወጣጥ ጠቅሟታል፤ የተቀየረው የራሷ ስም ብቻ ነው፣ የአባትና የአያት እንዳለ ቀርቷል። ከዚያ ሴትዮዋ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረችና አረጋግጪ አለቻት። ስም፣ አድራሻ፣ የልደት ቀን፣ ቁመት፣ የዓይን ቀለም፣ ጾታ። የአክስቴ ልጅ ዓይኗ ጾታው ላይ ሄዶ «ኤፍ» የምትለዋ ላይ ተተከለ። ሴትዮዋ «ቁመትሽስ?» እስክትላት ድረስ ሌላውን አላነበበችም። ፎቶ ተነሳች፣ ጊዜያዊ ወረቀት ተሰጣት፣ ዋናው ካርድ በፖስታ መጣ። ለምን፣ መቼ ጀምሮ፣ ቤተሰብ ያውቃል ወይ ያላት ሰው የለም። የኛ ሰው ቢሆን ቢያንስ የአባቷን ሰፈር ይጠይቅ ነበር።

ስለ ቋንቋ አንድ ነገር። ዲሲ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አላት፣ አማርኛም ከዋናዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነው። የመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተናውን እንኳ በአማርኛ መፈተን ይቻላል። አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ በስልክ ያገናኟችኋል። እሷ ግን አልፈልግም አለች። እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው፣ ቢሮ ሲሆን ትንሽ ይተሳሰርባታል፣ ግን ምክንያቷ ሌላ ነው። «ስልኩን የሚያነሳው ሰው እናቴን የሚያውቅ ቢሆንስ?» አለችኝ። አስተርጓሚዎች ስማቸውን እንኳ አይናገሩም፣ በቁጥር ነው ራሳቸውን የሚያስተዋውቁት፣ የሰሙትን እንዳያወሩም ግዴታ አለባቸው ብዬ ላሳምናት ሞከርኩ። አልሰማችኝም። ሀበሻ ለሀበሻ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ዲሲ የኖረ ሁሉ ያውቃል፣ ስለዚህ አልፈረድኩባትም። በአማርኛ የቀረበው አገልግሎት አማርኛ ተናጋሪውን ራሱን የሚያስፈራበት ጉዳይ መኖሩን ግን ቢሮው ቢያውቅ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ጣጣው። ላይሰንስ የዲሲ ነው፣ ፓስፖርት የፌደራል ነው፣ ሁለቱ አይነጋገሩም። ፓስፖርት ላይ ከ2021 ጀምሮ ያለ ሐኪም ማስረጃ ራስን መምረጥ ይቻል ነበር፣ «ኤክስ»ም ኤፕሪል 2022 ላይ ለሁሉም ተከፈተ። ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ዕለት በፈረሙት ትእዛዝ ሁሉም ተገለበጠ። ቦስተን ያለች የፌደራል ዳኛ አገደችው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደግሞ ኖቬምበር 6 ቀን 2025 ክሱ እስኪያልቅ መንግሥት ሥራውን ይቀጥል ብሎ እግዱን አነሳው። ስለዚህ ይህን ስጽፍ አዲስ ፓስፖርት የሚወጣው ሲወለዱ በነበረው ጾታ ነው። የአክስቴ ልጅ ያሳደሰችው ከለውጡ በኋላ ስለሆነ «ኤም» ሆኖ መጣላት። ቀድሞ የወጣ ፓስፖርት ያላችሁ ግን ጊዜው እስኪያልቅ ስለሚሠራ ለማሳደስ አትቸኩሉ።

ግሪን ካርድ ላይ ላላችሁም ያው ነው። ኢሚግሬሽን ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ የሚቀበለው ወንድና ሴት ብቻ ሲሆን፣ የሚያየውም ስትወለዱ ወይም ለልደታችሁ በቀረበ ጊዜ የወጣውን የልደት ሰርተፍኬት ነው። እዚህ ላይ የእኛ ነገር ያስቃል። ኢትዮጵያ ውስጥ የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው ኦገስት 2016 ነው። ብዙዎቻችን ሰርተፍኬቱን ያወጣነው ፂም ካበቀልን በኋላ፣ ለቪዛ ብለን ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ የጾታ ለውጥ የሚመዘገብበት አሠራር የለም፣ ስለዚህ ያ ወረቀት እንዳለ ይቀራል።

ሁለት ካርድ ሁለት ጾታ ይዞ መዞር ምን ያመጣል? ባንክ ላይ አመጣባት። የትኛው ባንክ እንደሆነ ይቅር። አካውንቷ ላይ አዲሱን ስም ለማስገባት ስትሄድ ላይሰንሷን ከሰጠች በኋላ ልጁ ተጨማሪ መታወቂያ ብሎ ፓስፖርት ጠየቃት። ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲያያቸው ቆይቶ ማናጀሩን ጠራ። ማናጀሩ ሌላ ሰው ጠራ። የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ ዋና ቅጂ ከቦርሳዋ ስታወጣ ነው ነገሩ የበረደው። ከፍርድ ቤት ስትወጡ ማኅተም ያለበትን ቅጂ ደራርባችሁ ውሰዱ፣ ፎቶ ኮፒ የማይቀበል ቦታ ብዙ ነው።

ሥራ ላይ ግን ጥሩ ዜና አለ፣ ይህን የሚያውቅ ሰው ትንሽ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፈው። ስትቀጠሩ የምትሞሉት አይ-ናይን የሚባለው ፎርም ጾታ አይጠይቅም። አሠሪው ደግሞ ይህን ሰነድ ካላመጣህ ብሎ የመምረጥ መብት የለውም፤ ከተፈቀዱት ውስጥ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ፓስፖርት ብቻውን ይበቃል፣ ወይም በምትኩ ላይሰንስና የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ አንድ ላይ ይበቃሉ። ሶሻል ሴኩሪቲ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ በመዝገቡ ያለውን ጾታ መቀየር አቁሟል፣ ካርዱ ላይ ግን ጾታ አይጻፍም። የአክስቴ ልጅ አዲስ ሥራ ስትገባ እነዚህን ሁለቱን አቀረበች፣ ፓስፖርቱ ከመሳቢያ አልወጣም።

የአገር ውስጥ በረራም በላይሰንሱ ያስኬዳል፣ ሪል አይዲ፣ ማለትም የፌደራሉን መስፈርት የሚያሟላ ባለኮከብ ካርድ መሆኑን ብቻ እዩ፤ ከሜይ 2025 ወዲህ ኮከብ የሌለበት ላይሰንስ ችግር ነው። አዲስ አበባ ከሆነ ግን ፓስፖርት የግድ ነው፣ ቪዛውም የሚከተለው እሱን ነው። ትኬት ሲቆረጥ ጾታ ስለሚሞላ ከፓስፖርቱ ጋር አመሳስሉት፣ ትኬት ቆራጩ በድምፅ ገምቶ እንዳይሞላው።

ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ላላችሁ፣ ሜሪላንድ «ኤክስ»ን ከኦክቶበር 2019፣ ቨርጂኒያ ከጁላይ 2020 ጀምሮ ትሰጣለች፤ ፎርሙ የየራሳቸው ስለሆነ የዲሲውን ይዛችሁ አትሂዱ። ዳላስና ሂዩስተን ላሉ ወገኖቼ ግን ይህ ግምገማ አይሠራም። ቴክሳስ ከኦገስት 2024 ጀምሮ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንኳ ላይሰንስ ላይ ጾታ መቀየር አቁማለች፣ ፍሎሪዳም በዚያው ዓመት መጀመሪያ ዘግታለች። እዚያ ሆኖ «እኔ አመቻቻለሁ» የሚላችሁ ፎርም ሞይ ካጋጠማችሁ ቀብድ አትስጡ። የኛው እስከ ዛሬ የሰጠነውን አልመለሰም፣ ስንደውልም «እያየሁት ነው» ይላል።