450 ብር የከፈልኩባት ሮም

ቅዳሜ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት አንዱ ጋ ጎራ ብዬ ነበር። ስም አልጠራም፣ ለምን እንደሆነ ታች ታዩታላችሁ። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ይጠብቃል። መጽሐፉ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል፣ ዋጋ የተጻፈበት ግን አንድም የለም። ልብ ወለድ ፈልጌ ገብቼ ስለ ሮም የቅርብ ዘመን ታሪክ የሚያወራ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይዤ ወጣሁ። 700 ተብዬ፣ ተከራክረን በ450 ተስማማን።

መጽሐፉ ግሩም ነው። ሮም ሲባል ትዝ የሚለን ቄሳርና ኮሎሲየም ነው፤ ይሄኛው ግን የሚጀምረው ከ1870 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)፣ የጣሊያን ጦር ፖርታ ፒያ ጋ ግንቡን በመድፍ ንዶ ከተማዋን ከጳጳሱ እጅ ሲወስድ። ያኔ ነዋሪዋ 200 ሺህ ገደማ ቢሆን ነው። በዓመቱ ዋና ከተማ ሆነች፣ ከዚያ በኋላ ያለው መገንባትና ማፍረስ ነው። ሙሶሊኒ ከቬኔዚያ አደባባይ እስከ ኮሎሲየም ቀጥ ያለ ሰፊ መንገድ አወጣለሁ ብሎ ሰፈር ሙሉ አፈረሰና በ1932 መረቀው፤ ቤቱ ከፈረሰበት ሰው ብዙው ወደ ከተማው ዳር ተወሰደ። ይህን ምዕራፍ ያነበብኩት ፒያሳ ቁጭ ብዬ ማኪያቶ እየጠጣሁ ነው። ፒያሳ! ከዚህ በላይ አልናገርም።

ቅር ያለኝ እኛ ላይ ሲደርስ መሮጡ ነው። ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» የሚባለው በ1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ በደመሰሷቸው ወታደሮች ምክንያት ነው፤ መጽሐፉ አደባባዩን ይጠራና ያልፋል። የአክሱም ሐውልት በ1937 ተጭኖ ሄዶ፣ በ1947ቱ የሰላም ውል ይመለሳል ተብሎ፣ እስከ 2003 ዛሬ ፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት) ያለበት ሕንፃ ፊት ለፊት ተገትሮ በ2005 መመለሱ ሁለት መስመር ብቻ! አበበ ቢቂላ በ1960 በባዶ እግሩ በዚያው ሐውልት በኩል አልፎ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ጋ ማሸነፉ ግን ግማሽ ገጽ ደርሶታል። ይሁን። ለገሃር ያለውን የይሁዳ አንበሳ ካያችሁ እሱም ሮም ከርሞ የመጣ ነው።

ወደ ሱቁ ልመለስ። ቤት ሆኜ ሳነብ ከገጽ 212 ቀጥሎ 229 መጣ። 16 ገጽ ተገንጥሏል! የጠፋው ደግሞ ዋናው፤ ጀርመኖች ከተማዋን የያዙበት፣ በማርች 1944 አርዴያቲን ዋሻዎች ውስጥ 335 ሰው የፈጁበት፣ በጁን አሜሪካኖች የገቡበት። በነጋታው ይዤው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ሲሸጡልኝ ያውቁ ነበር?»

«ይሄን ሁሉ አንድ በአንድ ስገልጥ ልዋል እንዴ ልጄ?»

ሳቄ መጣ፣ ተናድጄም ነበር። መጽሐፉን አልቀበልም አሉ፤ ብዙ ካጉረመረሙ በኋላ ግን 100 ብር መለሱልኝ። የጎደለውን ከስልኬ አንብቤ ሞላሁት።

ደግሜ ሄጃለሁ፣ እውነቱን ለመናገር። በዚህ ዋጋ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሌላ ቦታ አላገኘሁም። አሁን የቪየናን አስቀምጠውልኛል፣ 600 ብለውኛል። ገጹን ቆጥሬ ነው የምከፍላቸው።