ቪደብሊውኦ፦ ርካሽ ነው፣ ሰፊ ነው፣ አገር ቤት ግን አይደርስም

ዛሬ የምገመግመው ዕቃ በእጅ የሚያዝ አይደለም። ሙሉ ስሙ ቫንጋርድ ኤፍቲኤስኢ ኢመርጂንግ ማርኬትስ ኢቲኤፍ ነው፤ ገበያ ላይ ቪደብሊውኦ ይሉታል። የታዳጊ አገራትን ኩባንያዎች አክሲዮን በጅምላ ሰብስቦ የያዘ ፈንድ ነው፤ የራሱም ድርሻ እንደ አክሲዮን ገበያ ላይ ይገዛል፣ ይሸጣል። ለብዙ ዓመት ይዤዋለሁ፣ አሁንም አልሸጥኩትም። ቨርጂኒያ ውስጥ የሰው ታክስ ስለምሠራ ከጥር እስከ ሚያዝያ ሐበሻው ሁሉ ስለዚህ ነገር ይጠይቀኛል። ለእያንዳንዱ ከመድገም እዚሁ ልጻፈውና ልረፍ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከዋጋው ልጀምር፤ ትልቁ ጥንካሬው እሱ ነው። 10,000 ዶላር ብታስቀምጡ በዓመት የሚቆረጥባችሁ ከ10 ዶላር በታች ነው። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው የአይሼርስ ኢኢኤም በዚያው ገንዘብ ላይ ወደ 70 ዶላር ይወስዳል። ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል፤ 20 ዓመት ሲጠራቀም ግን ደህና ገንዘብ ነው። የአይሼርስ ባለቤት ብላክሮክ ራሱ በ2012 አይኢኤምጂ የሚባል ርካሽ ፈንድ ያወጣው በከንቱ አይደለም።

ከዚህ የባሰም አይቻለሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ የአማካሪ ቢሮ ለደንበኛዬ «ባለሙያ እየመረጠ የሚገዛላችሁ» የታዳጊ አገራት ፈንድ ሸጦላት ነበር። ገና ስትገባ ከየ100 ዶላሯ ከ5 ዶላር በላይ ተቆረጠ። በየዓመቱ ደግሞ ሌላ ክፍያ አለ። ወረቀቱን ገልጬ ሳየው ባለሙያው የመረጣቸው ትልልቅ ኩባንያዎች እኔ በርካሽ ከያዝኳቸው ጋር አንድ ናቸው። ልጅቷ ምን እንደገዛች የነገራት ሰው አልነበረም።

አሁን ውስጡን እንይ። ከ5,000 በላይ ኩባንያ አለበት። በቁጥር ካያችሁት ሰፊ ነው። በገንዘብ ካያችሁት ግን ቻይና፣ ታይዋንና ህንድ ብቻቸውን ከሦስት እጅ ሁለት እጁን አልፈው ይይዛሉ። በያይነቱ አዝዛችሁ ሽሮው ትሪውን ሲሞላው ማለት ነው፤ ጎመኑም ቀይ ሥሩም አለ፣ ግን በአንድ ጉርሻ ያልቃል። ከኩባንያዎቹ ሁሉ ትልቁ ለአፕልና ለኤንቪዲያ ቺፕ የሚያመርተው የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ነው። የቻይናዎቹ ቴንሰንትና አሊባባ ይከተላሉ። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ አለች፤ ግብፅም ለስሙ ያህል አለች። ኬንያ የለችም፣ ናይጄሪያ የለችም። የእኛማ አይነሳም።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ፦ ሳምሰንግ የለበትም። ፈንዱ የሚከተለው የለንደኑ ኤፍቲኤስኢ ራስል የሚያወጣውን ኢንዴክስ ነው፤ ኢንዴክስ ማለት የትኛው አገርና ኩባንያ እንደሚገባ የሚወስን፣ ዋጋቸውንም በአንድ ቁጥር የሚለካ ዝርዝር ነው። ለእነሱ ደቡብ ኮሪያ ያደገች አገር ናት። ሌላው ኢንዴክስ አውጪ ኤምኤስሲአይ ደግሞ ታዳጊ ውስጥ ይመድባታል። ስለዚህ እሱን በሚከተሉት በኢኢኤምና በአይኢኤምጂ ውስጥ ኮሪያ አለች፣ እዚህ የለችም። ላደጉት አገራት የኤምኤስሲአይ ፈንድ፣ ለታዳጊዎቹ ቪደብሊውኦን ከያዛችሁ ኮሪያ ከእጃችሁ ጭራሽ ትጠፋለች። ደላሎች ይህን አይነግሯችሁም። ከሁለቱ ድርጅቶች አንዱን ምረጡና በሁሉም ላይ እሱን ተከተሉ።

ወደ ውጤቱ ስመጣ ኮከብ እቀንሳለሁ። የኤምኤስሲአይ የታዳጊ ገበያዎች ኢንዴክስ በጥቅምት 2007 ከ1,300 በላይ ነበር። በ2024 መጨረሻ ከ1,100 በታች ሆኖ ተገኘ። የትርፍ ድርሻው አልተቆጠረም፣ እሱ ያካክሳል። ቢሆንም አስቡት፤ በዚያው ጊዜ የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች ኢንዴክስ ኤስ ኤንድ ፒ 500 አራት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በ2025 ታዳጊዎቹ ከአሜሪካ በልጠው ሮጠዋል፤ ያን ጊዜ «ለምን አልነገርከንም» ያሉኝ ሰዎች በ2022 «ለምን አትሸጥልኝም» ያሉኝ ራሳቸው ናቸው።

ይህን ፈንድ የሚይዝ ሰው ልቡ ጠንካራ መሆን አለበት። ምክንያቱም ገንዘቡ ወደነዚህ አገራት የሚገባውና የሚወጣው በእነሱ ጥፋትና ልማት ብቻ አይደለም። ግንቦት 2013 ላይ የአሜሪካው ማዕከላዊ ባንክ ሊቀመንበር ቤን በርናንኬ «የቦንድ ግዢያችንን ልንቀንስ እንችላለን» አሉ። ንግግር ብቻ ነው፤ ግን ቦንድ የብድር ወረቀት ስለሆነ ገዢው ሲቀንስ ወለዱ ይጨምራል። የህንድ ሩፒ፣ የደቡብ አፍሪካ ራንድ፣ የቱርክ ሊራ፣ የኢንዶኔዥያ ሩፒያ፣ የብራዚል ሪያል ተያይዘው ወረዱ። አሜሪካ ውስጥ ወለድ ይጨምራል ከተባለ ባለሀብቱ ጃካርታ ድረስ ምን ወሰደው? በመጋቢት 2020 ኮሮና ሲመጣ ደግሞ በአንድ ወር ብቻ ከታዳጊ ገበያዎች አክሲዮንና ቦንድ ወደ 83 ቢሊዮን ዶላር ወጣ፤ ቁጥሩ የዓለም አቀፉ የፋይናንስ ተቋም ነው። በዚያ ወር ኩባንያዎቹ አልተቀየሩም። የተቀየረው የባለ ገንዘቡ ፍርሃት ነው።

ሩሲያም አለች። በየካቲት 2022 ዩክሬንን ስትወር ጋዝ አምራቹ ጋዝፕሮምም ባንኩ ስበርባንክም ፈንዱ ውስጥ ነበሩ። የሞስኮ ገበያ ተዘጋ። በመጋቢት ኤፍቲኤስኢም ኤምኤስሲአይም ሩሲያን ከኢንዴክሳቸው አወጧት፤ በዜሮ ዋጋ። ድርሻዋ ትንሽ ስለነበረ ፈንዱ ብዙም አልተጎዳም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የፈንዱ ሁለቱ ትላልቅ አገሮች ቻይናና ታይዋን ናቸው፣ በመካከላቸው ያለው ደግሞ አንድ ባሕር ብቻ ነው። እዚያ ችግር ቢነሳ የሩሲያው ጨዋታ ነበር ያሰኛል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ባለፈው የታክስ ወቅት አንዲት እናት መጡና «ልጄ፣ እኔስ ይሄን ታዳጊ አገር የሚለውን ነው የምፈልገው። ለሀብታም ከምሰጥ ለደሃ አገር ይሁን» አሉኝ። ሐሳባቸው ደስ ይላል፤ ግን እንደዚያ አይሠራም።

«እማማ፣» አልኳቸው፣ «እርስዎ 500 ዶላር ከፍለው ድርሻ ሲገዙ ገንዘቡ የሚሄደው ድርሻውን ለሸጠው ሰው ነው። ምናልባት ኦሃዮ ላለ ጡረተኛ።»

ገዢ ሲበዛ ፈንዱ አዲስ ድርሻ ያወጣል፤ ታይፔና ሙምባይ ገበያ ገብቶ አክሲዮን ይገዛል። እሱንም የሚገዛው በአብዛኛው ቀድሞ ከያዘ ሰው ነው። አዲስ ፋብሪካ አይተከልበትም። የአክሲዮን ዋጋ ከፍ ሲል ኩባንያው ነገ ካፒታል ለማሰባሰብ ይቀለዋል፣ ያ እውነት ነው። ግን በሩቁ ነው የሚጠቅመው።

ወደኛ ዓይነት አገር የሚጠጋ ፈንድ ነበረ። አይሼርስ በ2012 ኤፍኤም የሚባል አወጣ፤ ቬትናም፣ ኬንያ፣ ናይጄሪያ፣ ባንግላዴሽ ነበሩበት። በ2024 ብላክሮክ «እዘጋዋለሁ» ብሎ አስታወቀ፣ ዘጋውም። አክሲዮኑን መሸጥና ገንዘቡን ማውጣት አስቸግሮት ነበር። ናይጄሪያ ውስጥ የውጭ ባለሀብቶች የአገሩን ገንዘብ ናይራ ይዘው ዶላር አጥተው ወረፋ ቆመው ነበር። ኤፍቲኤስኢ በ2023፣ ኤምኤስሲአይ በ2024 ናይጄሪያን ከነበረችበት፣ ከታዳጊ በታች ካለው ምድብ ያወጧት ለዚህ ነው። እነዚህ ድርጅቶች አገር ሲመዝኑ ከሚያስቀድሟቸው ጥያቄዎች አንዱ «ስንፈልግ በዶላር መውጣት እንችላለን ወይ» የሚለው ነው። የአዲስ አበባው የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2025 ሲከፈት ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆኗል። ደስ ብሎኛል። ቪደብሊውኦ ውስጥ ለመግባት ግን ይህ ጥያቄ ገና ይጠብቀዋል።

የትልልቅ ፈንዶች ገንዘብ አገር ቤት በእርግጥ የገባው በቦንድ በኩል ነው። ታኅሣሥ 2014 ኢትዮጵያ 1 ቢሊዮን ዶላር በ6.625 በመቶ ወለድ ተበደረች። ዩሮቦንድ የሚባለው ነው። ታኅሣሥ 2023 ላይ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ቀረ። አበዳሪዎቹ ውስጥ የሰው ጡረታ የሚያስተዳድሩ ይገኛሉ። እንግዲህ ለእናትየው ምን ልበላቸው? የዓለም ባንክ ግምት ሲታይ በ2024 ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው አገራት ሰው ለዘመዱ የላከው 685 ቢሊዮን ዶላር ነው። የውጭ ቀጥታ ኢንቨስትመንትና እርዳታ ተደምረው አይደርሱበትም። «ለእህትዎ በየወሩ የሚልኩት ነው አገር የሚደርሰው፣ ይሄ ለጡረታዎ ነው» አልኳቸው። ሳቁና ትንሽ ያዙ።

ለጡረታ ከጠቅላላ ቁጠባው አሥር እጅ አንዱን ለሚያስቀምጥና ለዓመታት ለማይነካው ሰው አራት ኮከብ እሰጠዋለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ቤት ሊገዛበት ለሚፈልግ አንድም አልሰጥም።

አንድ የሙያ ነገር ልጨምር። ከእነዚህ አገሮች ብዙዎቹ ከትርፍ ድርሻው ላይ ታክስ ይቆርጣሉ። ፈንዱን በጡረታ አካውንት፣ ማለትም 401ኬ ወይም አይአርኤ ውስጥ ከያዛችሁት ያ ገንዘብ ሄደ በሉት። በተራ አካውንት ከያዛችሁት ግን ከአሜሪካ ታክሳችሁ ላይ ልታስቀንሱት ትችላላችሁ፤ እስከ 300 ዶላር፣ ባልና ሚስት አብረው ካስገቡ እስከ 600፣ ብዙውን ጊዜ የውጭ ታክስ ማስቀነሻው ፎርም 1116 እንኳ ሳይሞላ። የትርፍ ድርሻ መግለጫው 1099-ዲአይቪ ሲደርሳችሁ የተከፈለው የውጭ ታክስ የሚጻፍበትን ሳጥን 7ን ተመልከቱ። ባዶ ካልሆነ ወረቀቱን አትጣሉት፤ ለታክስ ሠሪያችሁ አሳዩት።