ለገና ቅቤና ቅመም ሾላ፣ ለጋቢ ሽሮ ሜዳ

በ2016 ዓ.ም. ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ስለነበር የገና በዓል የዋለው ታኅሣሥ 29 ሳይሆን 28 ቀን፣ እሁድ ዕለት ነበር። እኔም ይህን አስቀድሜ ቆጥሬ ረቡዕ ታኅሣሥ 24 ቀን ማለዳ ሾላ ገበያ ተገኘሁ። አራት ቀን ቀድሞ መሄድ የበዛ ጥንቃቄ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ቅቤው ተነጥሮ ማደር፣ ሽንኩርቱ ተልጦና ተከትፎ ቅዳሜ በጊዜ ምድጃ ላይ መውጣት፣ ወጡም ከሌሊቱ ቅዳሴ የሚመለሰውን ቤተሰብ ደርሶ መጠበቅ አለበት። በዋዜማው የሚሸምት ሰው ዋጋው ብቻ ሳይሆን ወጡም ይጎዳበታል። የሸመትሁባቸውን ዋጋዎች ግን እዚህ አልጻፍኋቸውም፤ የበዓል ሰሞን ዋጋ ጠዋት የነበረው ከሰዓት ስለማይገኝ አንባቢን ከማሳሳት በቀር ጥቅም አይኖረውም።

ሾላ ከመገናኛ በእግር የሚደረስበት፣ በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ገበያ ነው። ከመርካቶ አጠገብ ሲተያይ ትንሽ ነው፤ ለእኔ ግን የሚወደድለት ይኸው ነው፤ ቅቤውም፣ ቅመሙም፣ ሽንኩርቱም፣ ዶሮውም በአንድ ረፋድ ተዳርሰው ያልቃሉ። በየሱፐርማርኬቱ ታሽጎ የሚሸጠው ቅቤ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ሳይከፍሉበት ከፍቶ ማሽተት አይቻልም፤ እኔ ደግሞ ያላሸተትሁትን ቅቤ ለበዓል ወጥ አልገዛም።

ቅቤ ተራው ገና ሳይታይ በጠረኑ ይታወቃል። ቅቤው ግማሹ በኮባ እንደተጠቀለለ፣ ግማሹ በሳፋ ተከምሮ ይቀመጣል፤ ነጋዴዎቹም ለጋ፣ መካከለኛ፣ በሳል ብለው ይለዩታል። ለዶሮ ወጥ የምመርጠው መካከለኛውን ነው፤ ለጋው ለክትፎ ቢሆን ያምርበታል፣ በረጅሙ የወጥ እሳት ላይ ግን ጠረኑ ጠፍቶ ይቀራል፤ በሳሉ ደግሞ በተቃራኒው ቅመሙን ሁሉ ይጫነዋል። በሳል የሚወዱ እንዳሉ አውቃለሁ፤ እናቴም አንዷ ነበረች።

የገና ቅቤ ግዢ አንድ የራሱ ችግር አለው፤ ገዢው ጾመኛ ነው። ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ የነቢያትን ጾም የያዘ ሰው ቅቤን በምላሱ ሊፈትን አይችልም፤ የሚቀረው ዓይኑ፣ አፍንጫውና ጣቱ ነው። ያስተናገደችኝ ነጋዴ በቢላዋ ጫፍ ቆንጥራ፣ «ማዘር፣ ትንሽ ይቅመሱልኝ» ብላ ስትዘረጋልኝ፣ «ጾም ላይ ነኝ ልጄ» አልኋት፤ «እኔም ነኝ» ብላ ስቃ ቅቤውን እጄ ጀርባ ላይ ቀባችልኝ። ንጹሕ ቅቤ በአውራ ጣት ሲታሽ በገላ ሙቀት ወዲያው ቀልጦ ይወዛል፤ ባዕድ ነገር የገባበት ግን እንደ ሊጥ እየተንከባለለ ይቀራል። የእርሷ ቀለጠ። ቀጥዬም ጓሉን ከመሃል እንድትሰነጥቅልኝ ጠየቅኋት፤ ላዩ ጥሩ ሆኖ ውስጡ ውሃ የቋጠረ ወይም መልኩ የተለየ ሊሆን ስለሚችል ይህን ማስደረግ የገዢው መብት ነው ብዬ አምናለሁ። ፊቷ ሳይከፋ ሰነጠቀችልኝ፤ ውስጡም እንደ ላዩ ነበር፤ 2 ኪሎ አስመዘንሁ።

እንዲህ የምጠነቀቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ጊዜ አጥሮኝ ከሌላ ቦታ፣ ስሙን ከማልጠራው ሱቅ፣ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ሳልፈታ ገዝቼ ነበር። እሳት ላይ ስጥደው ከመጠን በላይ አረፋ ደፈቀ፤ ከቀለጠ በኋላ ደግሞ ከድስቱ ሥር ሳይቀልጥ ጓጉሎ ጠቁሮ የተጣበቀ ነገር አገኘሁ፤ ሲሸተት የበሰለ ሙዝ ነበር። በ2016 ግን የሾላውን ቅቤ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ኮረሪማና ጥቂት እርድ ጨምሬ ሐሙስ ማታ ሳነጥረው በማጥለያው ላይ የቀረው ቅመሙና የተለመደችው ነጭ ደለል ብቻ ነበረች። ስለዚህ ለዚህ ገበያ ያለኝ ትልቁ ምስጋና ለቅቤው ነው።

ቅመም ተራው ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም፤ ከፊት የቆመው ሰው ተከራክሮ እስኪጨርስ ከኋላ ያለው መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። ኮረሪማ በገመድ እንደተሰካ ይሸጣል፤ የማይመረምር ገዢ የሚቆጥረው ፍሬውን ነው፣ ዋናው ነገር ግን ከልጣጩ ውስጥ ያለው ጥሬ ነው። ከአንዱ ገመድ ሁለት ፍሬ ፈልቅቄ ባይ አንዷ ባዶ ልትባል የምትችል፣ ሌላዋም ጥሬዋ የገረጣ ሆኖ ስላገኘሁ ተውሁት፤ ከጎኑ ካለው ነጋዴ የገዛሁት ግን ጥሬው ጥቁር ቡናማ፣ ወዙም ጣት ላይ የሚቀር ነበር። ጥምዝ፣ ቁንዶ በርበሬና ነጭ አዝሙድ ለመከለሻ የሚሆነኝን ያህል ከዚያው ጨመርሁ። የተፈጨ በርበሬ ግን ከየትኛውም ገበያ አልገዛም፤ የእኔ የማረቆ ዛላ ክረምቱ እንዳለፈ ተገዝቶ፣ ተቀንጥሶ፣ ተደልዞ በጊዜው የተዘጋጀ ነው፤ የገና ሳምንት ላይ በርበሬ ያላዘጋጀ ሰው ከሚያምነው ጎረቤት ቢበደር ይሻለዋል።

ሽንኩርትን በተመለከተ ሾላ አላሳፈረኝም። የሐበሻው ቀይ ሽንኩርት፣ ትንሽና ጠንካራ የሆነው፣ ለመላጥ ያሰለቻል፤ ነገር ግን ውሃው አነስተኛ ስለሆነ ቶሎ ይቁላላል፤ ወጡንም ያወፍረዋል። በቤታችን ልማድ ለአንድ ዶሮ 3 ኪሎ እንጠቀማለን። ለሁለት ዶሮ የሚበቃኝን በራሴ እጅ መርጬ እንድሞላ ተፈቀደልኝ፤ ይህ የበዓል ሰሞን በየትም የሚገኝ ቸርነት አይደለም።

ዶሮን በረቡዕ መግዛት ለእኛ ግቢ ላለን ይመቻል፤ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ግን ሦስት ሌሊት የሚጮህ አውራ ዶሮ በረንዳ ላይ ማሳደር ከጎረቤት ያጣላል። ከሁለት ሻጮች አወዳድሬ ሁለት ቀያይ አውራ ዶሮዎች ወሰድሁ። መጠናቸውን ላባቸው ስለሚያጋንነው ክንፋቸውን ይዞ ደረታቸውን መዳሰስ ያስፈልጋል፤ አጥንቱ እንደ ቢላዋ ስለት የወጣ ከሆነ አሥራ ሁለቱ ብልት ሲወጣ የሚገኘው ሥጋ ከእንቁላሉ አይበልጥም። ዓይኑ የፈዘዘውን፣ ላባውን ነፍቶ የሚያንቀላፋውንም ተውሁ። እንቁላሉን ግን ለዋዜማው አቆየሁት፤ ስሕተቴም ይኸው ነበር።

ቅዳሜ ለእንቁላል ስመለስ ገበያው ሌላ ገበያ ሆኖ ጠበቀኝ። ረቡዕ ስሜን ሊጠይቅ ምንም ያልቀረው ነጋዴ ቅዳሜ ቀና ብሎ አላየኝም፤ እንቁላሉን ወደ ፀሐይ አንስቼ ልመልከት ስል «የሚገዛ ይግዛ» የሚል መልስ አገኘሁ። በግፊያው መካከል ስልክ አውጥቶ በቴሌብር መክፈልም የሚያሰጋ ስለሆነ የተዘረዘረ ብር መያዝ ይሻላል። ከገዛኋቸው 24 እንቁላሎች ቤት ገብቼ ውሃ ውስጥ ስከታቸው ሦስቱ ተንሳፈፉ። ይህን ያህል የሚያስከፋ አይደለም፤ ነገር ግን በረቡዕና በቅዳሜ መካከል ያለውን የመስተንግዶ ልዩነት ያሳያል፤ ሾላን የምመሰክርለትም ረቡዕን ጠቅሼ ነው።

ስጦታን ሾላ ላይ መፈለግ ግን አያስፈልግም። በዓል ሲቀርብ በየአቅጣጫው የሚከፈቱት ባዛሮች መብራት፣ የፕላስቲክ ጥድና የልጆች መጫወቻ ላይ ያዘነበሉ ናቸው፤ ለልጆች ይሁን፣ ለሰማንያ ዓመት አባት ግን ምን ይረባል? ስለዚህ ሐሙስ ረፋድ ከስድስት ኪሎ ሽቅብ፣ በእንጦጦ ግርጌ ወዳለው ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። የጋሞ ደጋ፣ በተለይም የዶርዜ ሸማኔዎች ሙያ በዚህ ሰፈር ሥር የሰደደ ስለሆነ፣ ዕድለኛ የሆነ ገዢ ስለ ድሩና ማጉ ከሠራው ሰው አፍ ሊሰማ ይችላል።

ጋቢ ሲገዛ ወደ ብርሃን አንሥቶ ማየት ይገባል። የእጅ ፈትል የሆነ ማግ አንድ ወጥ አይደለም፤ እዚህ ቀጠን፣ እዚያ ወፈር ይላል፤ የፋብሪካ ክር ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው። መጀመሪያ የቀረበልኝ አምሮ የታጠፈ ጋቢ በአራት እጥፉ ከባድ ቢመስልም ክሩ የፋብሪካ ነበር፤ ሻጩም ስጠይቀው አልካደም፣ ይልቁንም ከኋላ መደርደሪያ የፈትሉን አወጣልኝ። በዋጋ ሰፊ ልዩነት አላቸው፤ ለብርድ ግን ልዩነቱ ከዋጋው ይበልጣል። ለእህቴ ነጠላ ስመርጥም ጥለቱን ገልብጬ አየሁ፤ በእጅ የተጠለፈው ከጀርባው ክሩ ይታያል፣ የታተመው ግን በጀርባው ቀለሙ ደብዝዞ ይገኛል። ሁለቱም ከአንድ መስቀያ ላይ ጎን ለጎን ስለሚንጠለጠሉ ጥፋቱ የማይገለብጠው ገዢ ነው ማለት ይከብደኛል፤ ለይቶ መስቀል ይቻል ነበር።

የጋቢው ጫፍ ገና ስላልተቋጨ ለዓርብ ቀጠሩኝ፤ በቀጠሮው ስደርስ ተቋጭቶና ታጥፎ ቆየኝ። ችግሩ ያልጠየቅሁት ጭማሪ ነበር፤ በረዶ የለበሰ ጥድና ቀይ ኮፍያ የደፋ ሽማግሌ የታተመበት የሚያብረቀርቅ ከረጢት ውስጥ ከትተውታል። ከረጢቱን አመስግኜ መለስሁላቸውና ጋቢውን በነጭ ወረቀት አስጠቅልዬ ወጣሁ።