ስምንት ቀጠሮዎች፦ በአንድ የአዲስ አበባ የሥነ ልቦና ምክር ማእከል ያየሁት

ወደዚህ የግል ማእከል የሄድሁት እናቴን ከቀበርሁ ከሰባት ወር በኋላ ነበር። ሰልስቱም አርባውም በወጉ ተፈጽሞ፣ ድንኳኑ ተነቅሎና አጽናኙ ወደየቤቱ ተመልሶ፣ እኔ ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነቅቼ ተቀምጬ ማንጋት ልማዴ ሆኖ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ ስለ ማእከሉ ስትነግረኝ የመለስሁላት «እኔ አላበድኩም» ብዬ ነው፤ ይህን የምጽፈውም ያው መልስ አፉ ላይ ላለ ሰው ነው።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ባለሙያዋ በብዙ አገር የሚሠራበትን ባለ 9 ጥያቄ የድባቴ መለኪያ አነበቡልኝ። መጠይቁ ያለፉትን 2 ሳምንታት ብቻ የሚመለከት ሲሆን ውጤቱ ከ0 እስከ 27 ይደርሳል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ድባቴው ይከብዳል፤ የእኔ 16 ሆነ። የመጨረሻው ጥያቄ ሞትን ስለመመኘትና ራስን ስለመጉዳት ነው፤ ሳያድበሰብሱ፣ ፊት ለፊት እያዩኝ ጠየቁኝ፤ ከዚያ በፊት ማንም ደፍሮ ስላልጠየቀኝ መልሱን መናገሩ ብቻ እፎይታ ሰጠኝ። የምነግራቸው ሁሉ ሕይወት አደጋ ላይ ካልወደቀ በቀር ከእርሳቸው እንደማያልፍም አስቀድመው አስረድተውኛል።

እንደ ንስሐ አባቴ ወይም እንደ አክስቴ «እንዲህ አድርጊ» ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላሉኝም። በሦስተኛው ቀጠሮ ለማንም ያልነገርሁትን አወጣሁ፦ እናቴ ባረፈችበት ዕለት ጠዋት ደውላልኝ፣ ስብሰባ ላይ ስለነበርሁ አላነሣሁም። ይህን ቤት ውስጥ ባነሣ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፣ አታልቅሺ» ተብሎ ወሬው ይዘጋ ነበር። እርሳቸው ግን «ስልኩን ባነሣ ትድን ነበር» የሚለውን ሐሳብ ደብተር ላይ እንድጽፍ፣ ከሥሩም የሚደግፈውንና የሚቃወመውን ማስረጃ እንዳሰፍር የቤት ሥራ ሰጡኝ። ስጽፍ፣ እናቴ በየቀኑ በዚያው ሰዓት ትደውል እንደነበርና ሐኪሙም በጭንቅላቷ ውስጥ የፈሰሰው ደም በድንገት የመጣ መሆኑን እንደነገረን ትዝ አለኝ። ይህ ዘዴ አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ያዳበሩት ሲሆን፣ ሐሳብ ስሜትንና ድርጊትን እንደሚመራ ያስረዳል። ጥፋተኝነቱ ከሐዘኑ ተለየልኝ፤ አሁን ሳለቅስ የማለቅሰው ለእናቴ ነው።

የማእከሉ ከባድ ጉድለት ግድግዳው ነው። ዋናው የምክር ክፍል ከመጠበቂያው የሚለየው በስስ ቺፑድ ስለሆነ፣ ተራዬን ስጠብቅ የሌላ ሰው ልቅሶ ቃል በቃል ሰምቻለሁ፤ የእኔም እንደተሰማ አልጠራጠርም። ለአስተዳደሩ ባመለክት የቴሌቪዥኑ ድምፅ ከፍ ተደረገ እንጂ ሌላ ነገር አልተደረገም። ሰው ገመናውን ይዞ የሚመጣበት ቤት ይህን ችላ ማለቱ እጅግ አሳዝኖኛል፤ ባለሙያዋ የሰጡኝን የምሥጢር ቃል ማእከሉ ራሱ አፈረሰባቸው።

ክፍያው ለ50 ደቂቃ 1,200 ብር ነው፤ ለደመወዝተኛ ቀላል ስላልሆነ ከአራተኛው ቀጠሮ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ አደረግሁት። መድኃኒት እዚያ አይታዘዝም፤ ሐኪም የሚያስፈልገውን ሰው ወደ አእምሮ ሕክምና ይልካሉ።

በስምንተኛው ቀጠሮ ያው መጠይቅ ሲነበብልኝ ውጤቴ 6 ነበር፤ እስከ ንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓትም መተኛት ጀምሬአለሁ። ቀጠሮ የምትይዙ ከሆነ ግድግዳው በብሎኬት የተሠራውን የጓሮውን ክፍል አስቀድማችሁ ጠይቁ።